ከማተቡ ጎን የታሰረው ዶቃ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ደግሞ በቀላሉ የሚመነጠሩ ሴት አልነበሩም። ወተት ሲገዙ ውሃውን፣ በርበሬ ሲገዙ የጡቡን ዱቄት፣ እንግዳ ሲመጣ የመጣበትን ጉዳይ አስቀድመው ይፈልጋሉ። እናም አንድ ጠዋት ልጃቸው ዲያቆን ፍቅረ ማርያም ግቢ ውስጥ ፊቱን ሲታጠብ፣ ከሸሚዙ አንገት ሥር፣ ከማተቡ ጎን፣ ክር ላይ የተሰካ ዶቃ አዩ። ሌላ እናት ብትሆን ጌጥ ነው ብላ ታልፍ ነበር። እሳቸው ፎጣ ለማቀበል ብለው ጠጋ አሉ፤ ጠጋ ሲሉ የባሰ ነገር አዩ። ዶቃው የተጠቀለለ ወረቀት ነው፤ በላዩም የተቆራረጠ ሰማያዊ ፊደል ይታያል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዶቃ ነዋ፣ እማዬ» አለና የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ።

ዶቃ ይበለው እንጂ እሳቸው በሆዳቸው ሌላ ስም ሰጡት። ጽሕፈት ያለበት ጥቅልል አንገት ላይ ሲታሰር ክታብ ነው፤ ይህን ለቄስ ሚስት ማንም አያስተምራትም። ለበሽታ የሚታሰር ክታብ አለ፣ ሰው ለመሳብ የሚታሰርም አለ። ልጃቸው ደግሞ አልታመመም።

የምትስበውም አልጠፋቻቸውም። ታየች የምትባል ከኮሶዬ የመጣች ልጅ ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከሚኒባስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ትንሽ ሱቅ አላት። የተጣለ ወረቀት እየቆረጠች፣ በወስፌ ላይ እየጠቀለለች፣ በኮላ እያጣበቀችና ቫርኒሽ እየቀባች የአንገት ጌጥ ትሠራለች። ፍቅረ ማርያም ከሱቋ ደጃፍ ቆሞ ሲያወራ ጎረቤት ሁለት ጊዜ አይቶታል። ሁለት ጊዜ መታየት ለወይዘሮ የዓለምወርቅ ከበቂ በላይ ነው።

ጊዜውም ክፉ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ፍቅረ ማርያም የጠዳውን የቄስ አንዳርጋቸውን ልጅ አግብቶ ሊቀስስ ነው። አባቱ ካህን፣ አያቱ ካህን፣ ቅድመ አያቱ ካህን ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ስድስት ዓመት የኖሩት ያቺን ቀን እየጠበቁ ነው። ይህ ሁሉ የዘር ሐረግ በአንዲት ወረቀት ጠቅላይ እጅ ሊበጠስ ነው ብለው ተቃጠሉ።

ሦስት ቀን አጠኑት። ለቅዳሴ ሲወጣ ዶቃውን አውልቆ ትራሱ ሥር ይከተዋል፤ ሲመለስ መልሶ ያስረዋል። እዚህ ላይ ጥርጣሬያቸው እርግጠኝነት ሆነ። ታቦት የሚፈራ ነገር መቼም ከእግዚአብሔር ሊሆን አይችልም።

በአራተኛው ቀን ጉልበቴን አመመኝ ብለው ከጾም ቅዳሴው ቀሩ። ልጁ ወጥቶ የግቢው በር ሲዘጋ ጉልበታቸው ዳነ።

ክሩን ከትራሱ ሥር አወጡት፤ የተሰካበት ዶቃ አሥራ ሁለት ነበር። በስመ አብ ብለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ቫርኒሹ እንቢ አላቸው፤ በመርፌ እየጎረጎሩ ጫፉን ፈልገው አንዱን ፈቱት። አንድ ወገኑ ሰፊ፣ ወደ ሌላው ጫፍ እየጠበበ የሚሾል ረጅም ቁራጭ ወረቀት ወጣ። የጋኔን ስም ፈለጉበት። «ሸጋ ሥራ አግኝቼ» የሚል አገኙ። ስለ ሥራ የሚያወራ ድግምት ደግሞ ሰምተው አያውቁም።

ሁሉንም ፈቱት። መጀመሪያ አልገጥም አላቸው፤ አንዱን በግራ፣ ቀጣዩን በቀኝ እያዞሩ ሲደረድሩት ግን ጎን ለጎን ተጋጥሞ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ሆነ። የእጅ ጽሑፉን አወቁት። አባቱ እየቆነጠጠ ያስተማረው የፍቅረ ማርያም ፊደል ነው።

«ታየች፣ ቅስናው የእናቴ ምኞት እንጂ የኔ አይደለም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ መቅደስ የምገባው እሷ እንዳታዝን ብዬ ነው። ባሕር ዳር ሸጋ ሥራ አግኝቼአለሁ፤ ማንም ሳያውቅ አብረን እንሂድ። ልነግራት ስንት ጊዜ ሞከርኩ። እናቴን እፈራታለሁ። ከሄድን በኋላ እጽፍላታለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበቡት። አለቀሱ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወተቱንም በርበሬውንም ጎረቤቱንም ሲጠረጥሩ፣ ይህን አንድ ልጅ አንድም ቀን አልጠረጠሩትም ነበር። ልማድ ክፉ ነውና ገና እንባቸው ሳይደርቅ ወደ ልጅቷ ዞሩ። እሺ ብላዋለች፣ ቀን ቆርጠዋል፣ ዶቃውም የቃል ኪዳናቸው ምልክት ነው ብለው ደመደሙ። ማራኪ ሄደው ሊያዋርዷት ነጠላቸውን ሲያነሡ ፍቅረ ማርያም ገባ።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን አየና ባለበት ቆመ።

«መቼ ነው የምትሄዱት?» አሉት።

«አንሄድም፣ እማዬ። እንቢ አለችኝ።»

«ምነው? ምን አጣችብህ?»

«ከእናቱ ተደብቆ የሚያገባኝ ነገ ከኔም ይደበቃል አለች። ደብዳቤውን እዚያው እፊቴ ቆረጠችው። ዶቃ አድርጋ መለሰችልኝና፣ ለእናትህ በአፍህ የነገርካት ቀን አውልቀህ ጣለው አለችኝ።» ወደ ቁራጮቹ አመለከተ። «እሱን አስሬ ደግሞ መቅደስ መግባት አልደፍርም። ለዚያ ነው የማወልቀው።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ነጠላቸውን ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ መለሱት። ያቺን ልጅ አራት ቀን ሲረግሟት መሰንበታቸው አሳፈራቸው። ለሳቸው የሚገባውን ክብር የጠበቀችላቸው እሷ ብቻ ነበረች።

«እንግዲያው በአፍህ ንገረኝ» አሉ። «አንብበው።»

«አንብበሽው የለም እንዴ?»

«ካንተ ልስማው።»

ተቀመጠና ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ስለ ቅስናው አነበበ፣ ስለ አባቱ አነበበ፣ ስለ ባሕር ዳሩ ሥራ አነበበ። «ልነግራት ስንት ጊዜ ሞከርኩ» አለና ጥቂት ቆም አለ። ከዚያ ፈጠን ብሎ «ከሄድን በኋላ እጽፍላታለሁ» ብሎ ጨረሰ።

«አንድ መስመር ዘለልህ» አሉት።

ፍቅረ ማርያም አንገቱን ደፋ። እሳቸው ዓይናቸውን ከፊቱ ሳያነሡ ጠበቁት።

«እናቴን እፈራታለሁ» አለ፣ ወረቀቱን ሳያይ።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ቁጣው ግን ከየትም አልመጣላቸውም።

«ስልኬን አምጣልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ጋብቻው መቅረቱን ጠዳ ለቄስ አንዳርጋቸው እኔው ልንገራቸው።»

ቁጥሩን ፈልጎ የደወለላቸው እሱ ነው።