እንደ ማስታወሻ የተነበቡ ሰባት ሕጎች

1.

አራት መቶ አሥራ ሁለት።

2.

አራት መቶ አሥራ ዘጠኝ መሆን ነበረበት።

3.

ሥራዬን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ ቀሪው አይገባችሁም። ስሜ ወይንሸት ነው። የምሠራው በአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ ትእዛዙን ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል። ትእዛዙ ነርሷ ዘንድ ከመድረሱ በፊት አንድ ሶፍትዌር ያየዋል። እኛ «ፈታሹ» እንለዋለን። ፈታሹ ሕክምና አያውቅም፤ ያለው የተጻፈለት ሕግ ብቻ ነው። ይህ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ያኛው ከዚህ መጠን አይለፍ። ትእዛዙ ሕግ ከጣሰ ስክሪኑ ቀይ ይሆናል። ካልጣሰ አረንጓዴ።

ሕጎቹን የጻፏቸው ጋሽ አስፋቸው የሚባሉ የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ናቸው። አንድ በአንድ፣ በዘጠኝ ዓመት። ከዚያ ጡረታ ወጡ።

4.

የፈታሹ አምራቾች የላኩልን ደብዳቤ፣ አሳጥሬው፦

ሀ. የፈታሹ አምስተኛው ቨርዥን (እትም) ወጥቷል።

ለ. ለአራተኛው ቨርዥን ከወሩ መጨረሻ በኋላ ድጋፍ አንሰጥም።

ሐ. አንዳንድ የአጻጻፍ መንገዶች ቀርተዋል። ዝርዝሩ በሚቀጥሉት ሦስት ገጾች ላይ ነው።

በሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣ ደቃቅ በሆነ ፊደል፣ «በስተቀር» በሚለው ቃል የሚጀምሩ ሕጎች ከእንግዲህ እንደ ማስታወሻ ይነበባሉ ይላል።

እንደ ማስታወሻ ማለት፣ ፈታሹ አይቷቸው ያልፋል ማለት ነው። አይሠራባቸውም። ስህተት አለ ብሎም አይጮህም።

ያንን ገጽ አንብበሽው ነበር ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል።

5.

አንብቤዋለሁ።

አንብቤ፣ ይህን ቃል ደግሞ ማን ይጠቀምበታል ብዬ ገጹን ገለበጥኩት።

6.

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሕጎቹን ወደ አምስተኛው ቨርዥን አዛወርኩ። ስክሪኑ ላይ «ስህተት፦ 0» የሚል ወጣ። አለቃዬ አቶ ምትኩ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ዜሮ?» አሉ።

«ዜሮ።»

«በይ ልቀቂው እንግዲህ። ወር ሙሉ እንቅልፍ ያሳጣን ይኸው ነው?»

ለቀቅኩት፤ አዲሱ ቨርዥን ሥራ ጀመረ። እየሳቁ ሄዱ። እኔም ስቄ ነበር።

7.

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ የዝውውሩን ሪፖርት መሙላት ጀመርኩ። «የሚሠሩ ሕጎች ብዛት» የሚል ሳጥን አለ። ከስክሪኑ ላይ 412 ብዬ ገለበጥኩ። ያለፈውን ወር ሪፖርት ሳየው 419 ይላል።

የጎደሉትን ፈልጌ አገኘኋቸው። ሰባቱም በ«በስተቀር» ይጀምራሉ። ሰባቱም ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት፦ ከሁለት ኪሎ በታች ሆነው ለሚወለዱ ሕፃናት የመድኃኒቱ መጠን ስለ መቀነሱ።

ስልኩን አነሳሁ።

8.

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስልክ፦

ተይዟል።

ተይዟል።

ተይዟል።

9.

እንዲህ ያለ ቀን ከገጠመሽ፦ መጀመሪያ አራተኛውን ቨርዥን መልሺ። አለቃሽ «ምን ሆንሽ?» ሲሉሽ «በኋላ» በያቸው። ከዚያ ሩጪ። ሊፍቱን አትጠብቂ። ደረጃው ላይ የተቀመጡትን አስታማሚዎች ይቅርታ እያልሽ እለፊ። ነጠላ ጫማሽ ከወለቀ ተይው። እየሮጥሽ አትጸልዪ፤ ትንፋሽ ያሳጥርሻል።

እኔ ግን ጸልያለሁ።

10.

እኔ፦ ሲስተር፣ ከሦስት ሰዓት ወዲህ አዲስ የመድኃኒት ትእዛዝ ገብቷል?

ሲስተር ብርነሽ፦ ለመንትዮቹ ገብቷል። ምነው? ምን ሆነሽ ነው በባዶ እግርሽ?

እኔ፦ ክብደታቸው ስንት ነው?

ሲስተር ብርነሽ፦ ትልቁ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ። ትንሹ አንድ ከአምስት መቶ።

እኔ፦ ሰጥተዋቸዋል?

ሲስተር ብርነሽ፦ ለትልቁ ሰጠሁት። ትንሹን አሁን ልወጋው ነው። መጠኑ በዛብኝና ሁለቴ አየሁት እኮ። አረንጓዴ ነው፣ ወይንሸት። ሁለቴም አረንጓዴ ነው።

እኔ፦ አረንጓዴው ልክ አይደለም። እባክዎ፣ መርፌውን ያስቀምጡት።

11.

አስቀመጡት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሲስተር ብርነሽን በሥራ ሰዓት ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» አሉ። «መጠኑ እንደበዛ ዓይኔ ነግሮኝ ነበር። ዓይኔን ትቼ ስክሪኑን አመንኩ።»

12.

ሐኪሙ መጣ። ትእዛዙን ሰረዘ፤ ለትልቁ ፈሳሽ እንዲሰጠው አዘዘ። የነገረን ይህን ነው፦ መድኃኒቱ ሲበዛ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ጆሮም ሊጎዳ ይችላል። የኩላሊቱ በሦስት ቀን ይታወቃል።

«የጆሮውስ?» አልኩት።

«ከፍ ሲል ነው በደንብ የሚለየው።»

13.

ጋሽ አስፋቸው ጋ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኳቸው።

«ማስታወሻ ነው ብሎ አለፈው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ልጄ፣ እነዚያን ሰባቱን ቁጭ ብዬ ከመጽሐፍ አልቀዳኋቸውም። እያንዳንዱን የጻፍኩት አንድ ነገር ከደረሰ በኋላ ነው። ሰባት ጊዜ።»

ምን እንደደረሰ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸው ቃሉን እየነገሩኝ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ሰባቱን ሕጎች በአዲሱ አጻጻፍ አዘጋጀን። እያንዳንዱን በሙከራ ትእዛዝ ሆን ብዬ ጣስኩት።

ቀይ። ቀይ። ቀይ። ቀይ። ቀይ። ቀይ። ቀይ።

14.

የአደጋ ማስታወቂያ ቅጽ፣ ክፍል ሦስት፦

የችግሩ ምክንያት፦ ~~የሶፍትዌር ለውጥ~~

የችግሩ ምክንያት፦ ማስጠንቀቂያውን አንብቤ ችላ አልኩት። ወይንሸት።

አቶ ምትኩ አነበቡት። ሰረዙን በጣታቸው ነኩት።

«የመጀመሪያውም እኮ ውሸት አይደለም።»

«አይደለም።»

«ለእናትየው መንገር ያለብሽ ይመስልሻል? ልጁ ደህና ከሆነ በከንቱ ማስጨነቅ ነው።»

«ደህና ካልሆነስ፣ አቶ ምትኩ?»

እስክሪብቶ አወጡ። ቅጹ ላይ ፈረሙ።

15.

እናትየው ዙርያሽ ትባላለች። ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ሲስተር ብርነሽ አብረውኝ ገቡ፤ እሳቸው ጀመሩላት፣ እኔ ጨረስኩት። ስለ ቨርዥን አላወራሁም። «ልጅሽ ከሚገባው በላይ መድኃኒት ተሰጥቶታል። ይህን የሚከለክል ነገር ነበረ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት።

«የትኛው ነው?» አለች።

«ትልቁ።»

ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያ እኔን።

«አውቀሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር የገባሁት። ስትጮህብኝ የምለውንም አዘጋጅቼ ነበር። ለዚህ ምንም አላዘጋጀሁም። ልንወጣ ስንል ሳትዞር ተናገረች።

«ምርመራ በተባለ ቀን ሁሉ ትመጫለሽ። ብቻዬን አልሰማውም።»

16.

ሦስተኛው ቀን። ኩላሊቱ ደህና ነው።

ዙርያሽ እጄን ያዘች፤ ወዲያው ለቀቀችው። ገና ይቅር እንዳላለችኝ ገባኝ።

17.

ሰባት ወር ሆነው። ትልቁ ያብስራ ተብሏል። ትንሹን አክስቱ ይዛው ውጭ ናት፤ እዚህ ድረስ ሲያለቅስ ይሰማል።

የጆሮ ምርመራ ክፍሉ ጠባብ ነው። ዙርያሽ ያብስራን ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች። እኔ ከፊት ለፊቱ ተንበርክኬ የጨርቅ ዳክዬ አሳየዋለሁ፤ ወደ ፊት እንዲያይ ነው። ወፍራም ልጅ ሆኗል። ዳክዬውን ሊበላው ይፈልጋል።

ባለሙያዋ ድምፅ ሳታሰማ ከኋላው ቆመች። በግራ ጆሮው በኩል ትንሽ ቃጭል አነሳች። «ማናችሁም እንዳትንቀሳቀሱ፤ እናንተን አይቶ እንዳይዞር» አለች።

ዙርያሽ ትንፋሿን ያዘች። ዓይኗ ከዓይኔ አልተነቀለም፤ የልጇን ፊት የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

ቃጭሉ አቃጨለ።

ያብስራ

18.

ወደ ቃጭሉ ዞረ።