ጾም ያወፈረው ሰው

ሐሙስ መጋቢት 7 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ጎባ፣ ደምመላሽ ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆንና ንፍሮው እስኪቀርብ ይጠብቃል። ሰልስት ነው። ከባቱ ተራራ የወረደው ጭጋግ በድንኳኑ በር ገብቶ ከሰው እግር ሥር ተኝቷል። ማናልበሽ የሟች ባሏን የደምመላሽን ካፖርት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጎረቤቷን ውዴን ትሰማለች።

«አባ ገብረ ሥላሴ የአርባውን ፍትሐት አላደርስም ብለዋል አሉ» አለች ውዴ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና።

«ለምን?»

«በሁዳዴ ሰው ሁሉ ሲከሳ ደምመላሽ ብቻ ቀበቶ ያላላ ነበር። ደግሞ ሲመሻሽ በእህል ነጋዴው በዘይነዲን የኋላ በር ሲገባ ታይቷል። የእስላም ሥጋ እየበላ ነው ይላሉ። እኔ አልልም።»

«አሁን አልሽው እኮ።»

 ይህን ነገር ማናልበሽም በልቧ ስታመላልሰው ከርማለች።

ደምመላሽ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከዓመታት በፊት ወደ ሲናና ሲወጣ በቅሎው ክብደቱን አልችል ብላ መንገድ ላይ ተንበርክካ አልነሳም አለች። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ልጆች «የበቅሎ ዕዳ» ይሉት ጀመር። አብሯቸው ይስቅ ነበር። ሌሊት ግን ትንፋሽ ሲያጥረው ማናልበሽ ደግፋ ቀና አድርጋ ታሳድረዋለች። በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ሆዱን ከፍቶ፣ የበላው ሳይዋሐደው እንዲያልፍ አንጀቱን አሳጠረለት። በዓመቱ ግማሽ ሰው ሆኖ በዚያችው በቅሎ ላይ ወጣ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ በአስተርጓሚ የነገራቸውን ማናልበሽ አልረሳችም። «የተረፈው አንጀት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከዓመታት በኋላ ያድጋል፤ የጎደለውን ሥራ ይለምዳል። ያን ጊዜ በጥቂት ምግብ ይወፍራል። ይህን ካያችሁ ወደ እኔ ይምጣ። ራሱን እንዳያስርብ፣ ልቡ አይችለውም።»

ደምመላሽ «አንጀቴ ተማሪ ቤት ገባ» ብሎ ሳቀ።

አምና ልብሱ ጠበበው። እንሂድ ብትለው «ይሄ በጾም የሚጠፋ ነው» አላት። ሰው ዘጠኝ ሰዓት ሲፈታ እሱ እስከ ማታ፣ ኋላም እስከ ማግስቱ ይዘልቅ ጀመር። ፊቱ እየሞላ ሄደ፤ እጁ ግን ብርጭቆ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ማክሰኞ፣ በአቦ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ደጃፉ ላይ ወደቀ።

ዘይነዲን ጎንበስ ብሎ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ።

«አላህ ያጽናሽ፣ እትዬ ማናልበሽ። ወሬው እኔም ጋ ደርሷል። ቤቴ ውሃ እንኳን አልቀመሰም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ነበር የሚመጣው?»

«ሊመዘን። ጆንያ የምመዝንበት ሚዛን ላይ ይወጣና ቁጥሩን አይቶ ይወርዳል። ሰው እንዳያይብኝ ብሎ ነው በኋላ በር።»

ማናልበሽ ካፖርቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ታች ወረደ። እጾማለሁ ሲላት አልዋሻትም ነበር።

«ምን ይል ነበር?»

«‹ዘይነዲን፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ታዲያ ይሄ የማን ሥጋ ነው?› ይለኛል። ራሱ የነገረኝን የሐኪሙን ቃል አሳሰብኩት። እምቢ አለ። ‹ይሄ ሥጋ ወይ ይለቀኛል ወይ ይዞኝ ይሄዳል፤ እስከዚያ አልበላም› አለኝ። ለአባ እነግራቸዋለሁ፤ በቁርዓን እምላለሁ።»

ይዞኝ ይሄዳል። ማናልበሽ ቃሉን በልቧ ደገመችው።

ለቀስተኛው ድንገት ብድግ አለ። አባ ገብረ ሥላሴ ገብተው መስቀላቸውን ሳያወጡ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ከሰው አፍ ሳይሆን ካንቺ ልስማ ብዬ ነው። ደምመላሽ ጾም ገድፏል?»

«አባ፣ እኔ ልንገርዎ…» ብሎ ዘይነዲን ሊነሳ ሲል ማናልበሽ ጋቢውን ጨምድዳ ያዘች።

ጾም ለገደፈ ቀኖና አለ። ራሱን ለገደለ ግን ጸሎት የለም። እንዲህ ያለ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ አንድ ቄስ እንኳን ሳይቆምለት አፈር ሲለብስ አይታለች። ደምመላሽ ሞትን ፈልጎ ይሁን ፈርቶት፣ አሁን የሚነግራት የለም። ዘይነዲን የሰማውን ከተናገረ ግን አባ የትኛውን እንደሚሉ ታውቃለች።

«ገድፏል፣ አባ።»

አባ ወደ ዘይነዲን ዘወር አሉ።

«በማን ቤት?»

«በቤቱ። ታሞ ነበር። ወተት እያፈላሁ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ውዴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ዘይነዲን መሬት መሬት ያያል።

«ለታመመ ይፈቀዳል። ለምን መጥተሽ አልጠየቅሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«እንግዲያስ ቀኖናው ያንቺ ነው።»

«ይሁን፣ አባ።»

አባ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት። ዘጠኝ ሰዓት ሆነና ንፍሮው መዞር ጀመረ። ተራው ሲደርሳት ማናልበሽ አንድ ጭብጥ ዘገነች። ወደ አፏ አልወሰደችውም፤ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ጨምራ ቁልፉን ቆለፈችበት።

በአርባው ቀን አባ ገብረ ሥላሴ ፍትሐቱን አደረሱ። በዚያው ሳምንት ዘይነዲን ደምመላሽ ለመመዘን ይገባበት የነበረውን የኋላ በር በድንጋይ ደፈነው።