አሥር ሺህ አራት መቶ ሦስት ድንጋይ

በእኛ ሙያ የመጨረሻዋ ንጣፍ ከመለጠፏ በፊት ጀርባዋ ላይ የሠሪው ስም ይጻፋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጻፈው የእኔ ብቻ ነው። «ውሃ ልክ» የሚሉኝ በከንቱ አይደለም፤ እኔ ያነጠፍኩት ወለል ላይ ብይ ብታስቀምጥ ንቅንቅ አትልም።

የቤተ መጻሕፍቱን ግቢ ስሠራ ግን ጉድ ሆንኩ። ድንጋዩ መቶ ሁለት በመቶ ሁለት፣ አሥር ሺህ አራት መቶ አራት ተቆጥሮ የመጣ ነው። የወጣበት የድንጋይ ካባ ተዘግቷል፤ መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። እንደ ልማዴ ሲሚንቶ ሳላስነካ ሁሉንም በደረቁ ደረደርኩ። የመጨረሻዋን ይዤ፣ በዕድሜዬ ንጣፍ ሰብሬ አላውቅም እያልኩ ሠራተኞቹ ፊት ስጎርር ከእጄ አምልጣ ለሁለት ተከፈለች።

መሐንዲሱ መጥቶ አየ። ጎዶሎም ሆነ የተጠጋገነ አልቀበልም፣ እስከ ነገ ጠዋት ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎኝ ሄደ። የሠላሳ ዓመት ስሜ አፈር ሊበላ ነው ብዬ ኩርምት አልኩ።

ልጄ የረሳሁትን መነጽር ይዛልኝ የመጣችው ያኔ ነው። ኮሌጅ የምትማረው ሒሳብ ነው፤ ቁጥር ስትቆጥሪ ልታረጂ ነው እያልኩ ስንቴ ነዝንዣታለሁ። ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና ስንት ድንጋይ እንደቀረኝ ጠየቀችኝ። በንዴት ነገርኳት። እሷ እቴ፣ ፈገግ አለች።

«አባዬ፣ የጎደለውን ረድፍ አንሳው። መቶ አንድ ድንጋይ ይዟል አይደል? የሚቀሩት ረድፎችም መቶ አንድ ናቸው። ለእያንዳንዱ ጫፉ ላይ አንድ አንድ ጨምርለት።»

ጨመርን። መቶ አንድ ረድፍ፣ በየረድፉ መቶ ሦስት ድንጋይ። አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ። መቶ አንድም መቶ ሦስትም ከአንድና ከራሳቸው በቀር በምንም አይካፈሉም አለችኝ፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ድንጋይ፣ እንደ ገመድ በአንድ መስመር ካልዘረጋነው በቀር፣ ሙሉ ሆኖ የሚደረደረው በዚህ ብቻ ነው። ዙሪያው ጠጠር ስለነበር ቦታም አልቸገረን።

ጠዋት መሐንዲሱ ሜትሩን ዘርግቶ ለካ። እኩል በእኩል አይደለም አለ፤ ግን ጎዶሎም ሆነ የተጠጋገነ ቢፈልግ አጣና ተቀበለ። ማን እንዳሰላው ሲጠይቀኝ «ልጄ ናት!» ያልኩት መንገድ ላይ ሳይሰማ አልቀረም። ደረቴ ሊፈነዳ ነበር።

ሁሉም ተለጥፎ የመጨረሻዋ ድንጋይ ስትቀር እርሳሴን አወጣሁ። ልጄ ገልብጣ ያዘችልኝ። የእሷን ስም ጻፍኩ።

«አባዬ፣ የሚጻፈው እኮ የሠሪው ስም ነው» አለችኝ።

«እና ማን ሠራው?» አልኳት።