የመናኸሪያዋ ድምፅ

«ምላሷ ተይዞ ነው የሞተችው ይላሉ» አለች ጎረቤቲቱ ልብስ ሰፊ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለአምስተኛ ጊዜ። አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ሻይ ታቀብላለች፣ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወሬውን ታስይዘዋለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይወጣት። ሐኪም እንኳን ምን እንደሆነ አላወቀውም አሉ።»

ማን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። መምህርቷ፣ የሟች አንድ ልጅ፣ ፍራሹ ላይ ኩርምት ብላ ትሰማለች። ሐኪም የሚባል ነገር እንዳልነበረ ታውቃለች። የእናቷን ምላስ ማን እንደያዘውም ታውቃለች። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ወደ እናቷ ክፍል ገብታ ስታያት ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አርፋለች። አሁን ወሬው ጠቅሟታል። በሽታ ከሆነ የሚጠየቅ ሰው የለም።

እናቷ ሃያ ሦስት ዓመት መናኸሪያ ትኬት የቆረጠች ሴት ናት። ድምጿ የሞተሩን ጩኸት ሰንጥቆ መጨረሻ የቆመው አውቶቡስ ድረስ ይደርስ ነበር። መስኮት ዳር ካልሆነ አልሄድም ብሎ የተጣላትን ተሳፋሪ፣ «እንግዲያው መስኮቱን ላስፈታልህና ተሸክመኸው ሂድ» ብላ ሰልፈኛውን በሳቅ የገደለች። በዚያ ጉሮሮ ነው ልጇን ያስተማረችው፣ ያውም የሰው አገር ቋንቋ ብቻ የሚነገርበት ትምህርት ቤት። ልጅቷም ጨርሳ እዚያው አስተማሪ ሆነች።

በዚያ ትምህርት ቤት የእናቱን ቋንቋ ሲናገር የተያዘ ተማሪ አንገቱ ላይ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ትንጠለጠልበታለች። ሌላ ጥፋተኛ ይዞ እስኪያስተላልፋት ተሸክሟት ይውላል። መምህርቷ ልጇ አራት ዓመት ሲሞላት አንዷን ሰሌዳ በቦርሳዋ ይዛ ቤት ገባች።

«ለልጅቷ ብለን ነው እማዬ። ጨዋታ በይው። ሰሌዳዋ ላይዋ የመሸባት ዕቃ ታጥባለች።»

ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሦስት ናቸው። ከሦስቱ ያንን ቋንቋ የማትችል አንዷ ብቻ ናት።

«ዕቃውን እንደሆነ ድሮም የማጥበው እኔ ነኝ» አለች እናትየው እየሳቀች። «አንገቴ ላይ እንጨት የምትጨምሪብኝ ለምንድን ነው? እሺ፣ ልጅቷንስ በምን ላጫውታት?»

«የእኛ ቋንቋ ከመናኸሪያ አያልፍም፣ እማዬ።»

ሳቋ እዚያ ላይ ቀረ። በወሩ አንድ እሑድ የልጅ ልጇ፣ ያቺ ጉልበቷ ላይ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ሰሌዳዋን እየጎተተች መጥታ አንገቷ ላይ አጠለቀችላትና አጨበጨበች። ከዚያ ቀን ወዲያ ሴትየዋ አፏን ዘጋች። መምህርቷ ቤቱ ጸጥ ሲል ዘዴው ሠራ ብላ ደስ አላት።

ሟች በተቀበረች በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ለቅሶ መጣች። መምህርቷ ብድግ ብላ ጉልበቷን የሚያማትን አክስቷን ከባለመደገፊያው ወንበር አስነሥታ እሷን አስቀመጠች። አክስትየዋ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ዳይሬክተሯ ቤቱን ቃኘች፤ ከዚያ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ አንሾካሾከች።

«ልጅቷን እዚህ ብዙ አታቆዪያት። የሰዎቹ ወሬ አነጋገሯን ያበላሽባታል።»

«እሺ» አለች መምህርቷ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ትልልቆቹን ክፍሎች የነፈገቻት ይህችው ሴት ናት፤ «አፍሽን ስትከፍቺ ከየት እንደመጣሽ ይታወቃል» እያለች። እዚያ ሙሉ ሰው አልሆነችም፣ እዚህ ደግሞ እንግዳ ናት። በበር አልገባ እንዳለ ቁም ሣጥን መሃል ላይ ተሰንቅራ ቀርታለች።

ዳይሬክተሯ እንደወጣች አጎቷ፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር፣ ልብስ ሰፊዋን አቋረጣት።

«ምላሷ ተያዘ? የእኔ እህት? ተኝታ እንኳን የምታወራ ሴት?» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ነይ እስቲ አንቺ ቆንጆ። አያትሽ አታናግርሽም ነበር?»

ልጅቷ ፈዛ አየችው።

«የእኛን አትሰማም፣ ጋሼ» አለች መምህርቷ።

«እንግዲያው የዚችም ምላስ ተይዟላ።»

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ ወደ እናቷ ተጠጋችና በትምህርት ቤቱ ቋንቋ፣ «እማ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» አለቻት። ከዚያ ክፍል ውስጥ ቆማ ትምህርት እንደሚያነበንብ ልጅ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች፣ ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ በሟች ቋንቋ ተናገረች።

«ደረቴን አፈነኝ። እናትሽን ጥሪልኝ።»

ብርጭቆዎቹ ባሉበት ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች።

ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤቱ ቋንቋ ተመለሰች። ይሄኛውን ከእናቷ በቀር የሚሰማው አልነበረም።

«ረቡዕ ነው ያለችው። ደጋግማ። አንቺ በሩን ዘግተሽ ደብተር ታርሚ ነበር። በራሷ ቋንቋ ተናገረች ብለሽ እንዳትቆጪያት አልነገርኩሽም።»

«ምን አለች?» አለ አጎቷ።

መምህርቷ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበቻት።

«አንቺን እኮ ነው። ልጅቷ ምን አለች?»

መምህርቷ ጎንበስ አለች። የልጇን የጫማ ክር፣ ደህና ታስሮ የነበረውን፣ ፈታችና እንደገና ማሰር ጀመረች።