አረንጓዴው ሽቦ

ኮረንቲ እፈራለሁ። ሥራዬ ኮረንቲ ሆኖ ሳለ ማለቴ ነው። ቡታጅራ ውስጥ አምፕሊፋየር የሚገጥም፣ ድምጽ ማጉያ የሚጠግን ሰው ብትጠይቁ ሁሉም የሚጠቁማችሁ የእኔን የኡበይድን ሱቅ ነው፤ ግን እኔ አንዲት ሽቦ ከመንካቴ በፊት ሦስት ጊዜ የምፈትሽ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ሃሊማ በዚህ ትስቅብኛለች። «ዳቦ ቤት ከፍተህ እሳት ትፈራለህ» ትለኛለች። ትሳቅ። እሷን አንድ ቀንም ኮረንቲ ይዟት አያውቅም።

እኔን ይዞኛል። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ የአንድ ሻይ ቤት ቴፕ ስጠግን ነበር። ያልደረሰበት ሰው የማያውቀው ነገር ምን መሰላችሁ፤ ኮረንቲ የያዘውን እጅ አይለቅም። ጣቶቻችሁ በራሳቸው ጊዜ ይጨመደዳሉ። ልጣለው ትላላችሁ፣ እጃችሁ እሺ አይልም። ልጩህ ትላላችሁ፣ ድምጻችሁ አይወጣም። ያን ቀን በዚያች ደቂቃ መብራት ባይጠፋ ኖሮ ይህን የሚያወራላችሁ ሰው አይኖርም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቴስተሬ ከደረት ኪሴ ወጥታ አታውቅም። ትንሽ ካቻቢቴ ነው የምትመስለው፤ ኮረንቲ ያለበትን ነገር ስትነካ ግን ውስጧ ያለችው መብራት ትቀላለች።

ባለፈው ኅዳር አንድ ማክሰኞ፣ መስቃን ገጠር ውስጥ ላለች አንዲት መስጊድ አዲስ አምፕሊፋየር ልገጥም በጠዋት ሄድኩ። የመስጊዷ ሙአዚን ሼህ ሙሀመድሰይድ ናቸው። አርባ ዓመት አዛን ያሉት በባዶ ድምጻቸው ነው፤ አሁን ግን ከሰባ አልፈው ድምጻቸው ቀጥኗል፣ ከመስጊዱ ጀርባ ካለው እንሰት አይሻገርም። ጆሯቸውም ከብዷል። መንደሩ ለእሳቸው ሲል አምፕሊፋየር፣ ማይክና ሁለት የጡሩምባ ድምጽ ማጉያ ገዛ።

በዚያ አካባቢ፣ ቡታጅራም ጭምር፣ መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነበር። እኔ ግን ሥራዬን ለነገ ማለት አልወድም፤ የሱቄን ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ጡሩምባዎቹን ሚናራው ላይ አሰርኩ፣ ሽቦውን አወረድኩ፣ አምፑን፣ አምፕሊፋየሩን ማለቴ ነው፣ በመስጊዱ ጥግ ካለችው ጠባብ ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። የክፍሏ ወለል ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሶኬት አልነበረም፤ ከግድግዳው የወጣ አንድ ገመድ ነበር፣ ውስጡ ሦስት ሽቦ፤ ቡናማ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ።

ሦስቱን ሽቦዎች ማንኛውም የእኔ ቢጤ ያውቃቸዋል። ቡናማው ኮረንቲ ያመጣል፣ ሰማያዊው ይመልሳል፣ አረንጓዴው ከዕቃው ብረት ጋር ታስሮ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ኮረንቲ ቢያመልጥ ሰው ሳይነካ መሬት እንዲገባ። ብዙዎቹ ባለሙያዎቻችን አረንጓዴውን ቆርጠው ይጥሉታል። እኔ አልጥልም። ቡናማውን ከቡናማ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ አገናኘሁ፤ አረንጓዴውን ደግሞ ከአምፑ ብረት ጋር በብሎን አጠበቅኩት። ኮርቼም ነበር።

መብራት ስላልነበረ ቴስተሬን አላወጣኋትም። ምን ልፈትሽባት? ኮረንቲ የለማ። ፍርሃቴም የለም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽቦ በእጄ እየላጥኩ መንዙማ አንጎራጎርኩ።

ስጨርስ በባትሪው አስነሳሁትና ሼሁን ጠራኋቸው። «አሰላሙ አለይኩም» አሉ ማይኩን ከሩቅ እያዩ። ድምጻቸው ከሚናራው ወጥቶ ከወዲያ ማዶ ተመለሰ። ደነገጡና ከዚያ እንደ ልጅ ሳቁ።

«ሱብሃነላህ! ይሄ የኔ ድምጽ ነው?»

«የእርስዎ ነው» አልኳቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ። «ግን ከሩቅ አይሆንም። እንዲህ በእጅዎ ጠበቅ አድርገው ይያዙት፣ ከአፍዎ ያስጠጉት። ቁልፉን ሁሉ ክፍት አድርጌ ትቼልዎታለሁ። መብራት ሲመጣ ይቺ ቀይዋ ትበራለች፤ ከዚያ የእርስዎ ሥራ ማይኩን መያዝ ብቻ ነው።»

«መያዝ ብቻ» አሉ። መረቁኝ። ባትሪዬን ነቅዬ ተሸክሜ ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አምሀ ሱቄ ጎራ አለ። አምሀ የቤት ሽቦ የሚዘረጋ ጓደኛዬ ነው፤ ሥራ ሲያጣ እኔ ጋ ተቀምጦ ያደርቀኛል። የት እንደዋልኩ ነገርኩት።

«ያችን መስጊድ እኮ አምና እኔ ነኝ ሽቦ የዘረጋሁላት» አለ። «ጥግ ያለችው ክፍል አይደል? ሦስት ሽቦ ያለው ገመድ።»

«አዎ። አረንጓዴውን እንኳ አልቆረጥክም፤ ጎበዝ ሆነሃል» አልኩት ልቀልድበት።

«ምን እቆርጠዋለሁ? መሬት የተቀበረ ዘንግ የላቸው፤ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብዬ ለሚናራው አምፖል ኮረንቲ ያሳለፍኩት በእሱ ነው። አምፖሉን በኋላ አነሱት መሰለኝ እንጂ፣ ኮረንቲውስ እስከ ጫፉ ድረስ አለ።»

«አረንጓዴው ላይ ኮረንቲ አለ?»

«መብራት ሲኖር አዎ። ምነው?»

ምነው ማለት ቀላል ነው። ያንን ሽቦ በገዛ እጄ ከአምፑ ብረት ጋር አጥብቄዋለሁ። ገመዱ የማይኩን ብረት ከአምፑ ብረት ጋር ያያይዘዋል። መብራት እንደመጣ ማይኩ ራሱ ኮረንቲ ይሆናል ማለት ነው። ሼህ ሙሀመድሰይድ ደግሞ ለዐስር ሶላት ውዱእ አድርገው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ረጥቦ፣ ባዶ እግራቸውን ሲሚንቶው ላይ ቆመው፣ ጠበቅ አድርገው ይይዙታል። እኔ ነኝ ጠበቅ ያድርጉት ያልኳቸው።

ስልካቸው ላይ ደወልኩ። ዝግ ነው። መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ በዚያ በኩል ኔትወርኩም ይከተላል። የማውቃቸውን የመንደሩን ሰዎች ሁሉ ሞከርኩ፤ አንድም የሚገባ ስልክ የለም። አምሀ ፊቱ አመድ ለብሶ «መብራቱ እኮ የለም፤ ምንም አይሆኑም» ይለኛል። የለም፤ እስኪመጣ ድረስ ነዋ! መሞከሩን እንዲቀጥል ትቼው ሮጥኩና ባጃጅ ያዝኩ። የዐስር አዛን ሊደርስ ሠላሳ ደቂቃ ግድም ቀርቶት ነበር።

ባጃጇ ውስጥ አንዲት ሴት የበቆሎ ጆንያዋን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። ሳሌሃ እባላለሁ አለችኝ፤ ሳልጠይቃት። ወደዚያው መንደር ወፍጮ ቤት ለሁለተኛ ቀን መመላለሷ ነው፤ ልጆቿ ትናንት የበሉት ተፈጭቶ ሳይሆን ተቀቅሎ ነው።

«ዛሬ እንኳ መብራቱን ያምጣልን» አለች እጇን ዘርግታ።

«አሚን» አለ ሾፌሩ።

እኔ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ዞራ አየችኝ። «አንተስ አሚን አትልም? ለልጆች ጉሮሮ እኮ ነው የለመንኩት።»

ምን ልበላት? ያን ሰዓት በሆዴ የምለምነው የሷን ልመና የሚያፈርስ ነበር። ያ አላህ አታምጣው፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ የሷም ልጆች ዛሬ ተቀቅሎ ይብሉ። እንዲህ ብዬ ለመንኩ። አፈርኩም፤ ግን መለመኔን አላቆምኩም። ሾፌሩን ፍጠን አልኩት። መንገዱን አታየውም ወይ ብሎ ተቆጣኝ። በግራና በቀኝ የተሰጣው በርበሬ ያልፈናል፣ እኔ ደግሞ ቤት ባየሁ ቁጥር አምፖል በርቶ እንደሆነ አጮልቃለሁ። አልበራም። ደግሞ አያለሁ። አልበራም።

መንደሩ መግቢያ ላይ ወፍጮው ጮኸ።

ሴቶች እልል አሉ። ሳሌሃ «አልሐምዱሊላህ! አውርደኝ፣ አውርደኝ!» እያለች ጆንያዋን መጎተት ጀመረች። ሾፌሩ ሊያግዛት ቆመ። እኔ ዘልዬ ወርጄ መሮጥ ጀመርኩ። እስከ መስጊዱ ቢበዛ አምስት መቶ ሜትር ነው፤ እድሜ ልኬን እንደዚያ የረዘመ መንገድ አላውቅም።

ጡሩምባዎቹ አንድ ጊዜ ተንጫጩና ዝም አሉ። ከዚያ መስማት ጀመርኩ። ማይኩን ክፍት ትቼው የለ? በዚያች ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ሚናራው ይነግረኛል። በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። እርጥብ እግር ሲሚንቶ ላይ ሲረግጥ ሰማሁ። ሼሁ ሳሉ፤ ሳላቸው በእንሰቱ ላይ አልፎ መጣ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ጠረጉ። በሳሉ ቁጥር ድምጹ ጎላ እያለ ነው፤ እየቀረቡት ነው። «ሼህ! አይንኩት!» ብዬ ጮህኩ። የከበደ ጆሮ ከዚያ ርቀት ምን ይሰማል? በደህና ጊዜ እንኳ ጆሯቸው ሥር ካልጮኹ አይሰሙም።

«ቢስሚላህ» አለ ሚናራው።

የክፍሏ መስኮት ጋ የደረስኩት ያኔ ነው። የመስኮቱን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ውስጥ ጮህኩ። ጩኸቴን ማይኩ ተቀበለው፤ ከሁለቱ ጡሩምባዎች ወጥቶ መንደሩን አናወጠው። «አይንኩት!» ሼህ ሙሀመድሰይድ ቀኝ እጃቸው ተዘርግቶ፣ ከክርናቸው ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ባሉበት ቀጥ አሉ። በጣታቸውና በማይኩ መካከል አንድ ስንዝር አይሞላም።

«ኡበይድ? ጂን አየህ እንዴ?»

«ወደ ኋላ ይበሉ። ምንም አይንኩ» አልኩ። ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ። ጫማዬን አዩት። ቴስተሬን አወጣሁ። ሁለት ጊዜ ሳትኩ፤ በሦስተኛው ጫፏ ማይኩን ነካች። ቀላች። ሼሁ የቴስተሯን ቀይ መብራት አዩ፣ ከዚያ እርጥብ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። በሩ አጠገብ ያለውን ማጥፊያ አወረድኩ።

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ እየሮጠ መጣ። የሆነው ሲገባቸው አንድ ሰውዬ በንዴት «ለመሆኑ ሽቦውን እንዲህ አድርጎ የዘረጋው ማነው?» አለ። የአምሀ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብናገረው ውሸት አይደለም፤ እኔም ሮጦ የደረሰ ጀግና ሆኜ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ሼሁ ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ፤ ሼሁም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። «ሽቦውን በቀለሙ አምኜ አሰርኩት። ይቺ ቴስተር ጠዋቱን ሁሉ ኪሴ ውስጥ ነበረች። መብራት እስኪመጣ ጠብቄ ልፈትሽ ይገባኝ ነበር፤ ሳልፈትሽ ሄድኩ።»

«ያዘው ያልከኝም አንተ ነህ» አሉ ሼሁ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ።»

ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙና የዐስርን አዛን በባዶ ድምጻቸው አሉ፤ ቀጭን ናት፣ እንሰቱ ጋ ስትደርስ ጠፋች። ከሰገድን በኋላ ሥራውን እንደገና ጀመርኩ። አረንጓዴውን ከአምፑ ፈትቼ ጫፉን አሸግኩ። ከክፍሏ ውጪ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሬ የአምፑን ብረት ከዘንጉ ጋር አገናኘሁ። ማጥፊያውን አነሳሁ፣ የአምፑ ቀይ መብራት በራች። አምፑን በቴስተር ነካሁ፣ ማይኩን ነካሁ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካሁ። አሥር ጊዜ ሳይሆን አይቀርም የፈተሽኩት። አንዱም ላይ አልቀላችም። ፀሐይ ልትገባ ነበር።

ሼሁ የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው መጡ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ጫማህን አውልቅ።»

አወለቅኩ። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው። «እጅህን ዘርጋ» አሉኝና ውሃውን እስከ ክርኔ አፈሰሱት። በር ላይ ያሉት ሰዎች ያያሉ።

«አሁን አንተ ያዘው» አሉ። «ጠበቅ አድርገህ።»

ኮረንቲ እንደሌለበት አውቃለሁ። ራሴ ነኝ የፈተሽኩት። ግን ያ የሻይ ቤት ቴፕ መጣብኝ። እሳቸው ይህን ሁሉ ሳያውቁ፣ እኔን አምነው፣ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ያዝኩት።

ምንም አልሆንኩም። ትንፋሼ በሚናራው ወጣ፤ እንደ ፈራሁ መንደሩ ሁሉ ሰማ።

«በቃ፣ ልቀቀው» አሉኝ።

እጄ እሺ አላለኝም። ኮረንቲ ሳይኖር ጣቶቼ ተጨምድደው ቀሩ። ሼህ ሙሀመድሰይድ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡና፣ በዚያ በእርጥብ እጃቸው ጣቶቼን አንድ በአንድ ከማይኩ አላቀቁ። ከዚያ ራሳቸው ያዙት፤ ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ የመግሪብን አዛን ጀመሩ።