ለኩራዝ የሰገደችው ሙሽራ

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። የአስቻለች ወሬ ግን አፋፍ ላይ እንኳ አላረፈም፤ ከወፍጮ ቤት ተነሥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ገነተ ማርያም ድረስ ሄዶ የቄስ ምስጋኑን በር አንኳኳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ አስቻለች ወንፊት ልትዋስ ስሜነሽ ቤት ትሄዳለች። መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል። ልታንኳኳ ስትል ከውስጥ ቅጭል ቅጭል የሚል ነገር ሰማች። አስቻለች ደግሞ በር ከማንኳኳቷ በፊት በመስኮት የማየት አመል አለባት፤ "ሰው ልብስ ሳይለብስ እንዳልደርስበት ብዬ ነው" ትላለች። አየች። የስሜነሽ ልጅ ትሕትና፣ ራሷ አስቻለች ክርስትና ያነሣቻት ልጅ፣ እግሯ ላይ ቃጭል ደርድራ፣ በርጩማው ላይ ኩራዝ አብርታ፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ መሬቱን ነካች። ከዚያ እጆቿን ዓይኗ ላይ አደረገች።

ጭፈራው የህንድ ነው፤ ኦዲሲ ይሉታል። ኦዲሻ የሚባል አገር አላቸው፣ የዚያ ነው። የኛ የላስታ ጭፈራ ከጎጃሙ እንደሚለይ የእነሱም እንዲሁ አገር አገሩ ይለያያል። ትሕትና ኮምቦልቻ አራት ዓመት ስትማር፣ አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ነበራት፤ ጭፈራውን የሱ ሚስት ናት ያስተማረቻት። ይሄን አስቻለች ታውቃለች። አሳምራ ታውቃለች! ግን በማግስቱ ወፍጮ ቤት ሰልፉ ረዝሞ፣ ሴቱ ሁሉ ወሬ አጥቶ ሲያዛጋ ብታይ አንጀቷ አልቻለም።

"ሰማችሁ? የኛ ሙሽራ ለኩራዝ ትሰግዳለች!"

ሳቁ። ከሳቁ ወዲያ ማን ይመልሰው? ሐሙስ ኩራዙ ናስ ሆነ። ዓርብ ናሱ ዓይንና ጆሮ አወጣ። ቅዳሜ ገበያ ላይ አመተ ማርያም፣ ያቺ ሰልፉ ላይ ከኋላዋ የነበረችው፣ ጠጋ ብላ "የዝሆን ራስ ያለው ጣዖት ሣጥን ውስጥ ደብቃለች አሉ፤ አልሰማሽም እንዴ?" ስትላት አስቻለች ሳትገበያይ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ለምን ቢሉ፣ ትሕትና የታጨችው ለዲያቆን በእውቀቱ ነው። ጥር ላይ ሠርግ፣ ከሠርጉ በኋላ ቅስና። ቄስ የሚሆን ሰው የሚያገባት ልጅ ደግሞ እንደ ታጠበ ነጠላ ናት፤ አንዲት ጠብታ ከሩቅ ትታይባታለች። ወሬው እውነት ከተባለ እሱ ሌላ ያገባል፣ ሥልጣኑም አይቀርበትም። እሷስ? "በጣዖት ሰበብ የተተወችዋ" ተብላ ላስታ ውስጥ ማን ደጇን ይረግጣል?

የዚያን ዕለት ስሜነሽ አስቻለች ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

"ይቺን ወሬ ያወጣች ምላሷ ይድረቅ! በይ አሜን በይልኝ፣ እትዬ አስቻለች!"

"አሜን" አለች አስቻለች። ምን ትበል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ምስጋኑ መጡ። የዲያቆኑ አጎት ናቸው፤ ያሳደጉትም ያስተማሩትም እሳቸው። ዝማሜ አስተማሪ ናቸው፣ መቋሚያቸው መሬት ሲነካ ተማሪው ሁሉ ያልበዋል። መደቡ ላይ ተቀመጡ። በእውቀቱ ጫማውን ውጭ አውልቆ በሩ ጋ ቆመ፤ ቀናም አላለ።

"አባ፣ ትንሽ ሽሮ እንኳ ይቅመሱ" አለች ስሜነሽ።

"ነገሩ ሳይጠራ አልቀምስም።"

ኧረ ጉድ! ለሽምግልና መጥቶ እህል እንቢ ያለ ሰው፣ ልቡ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። አስቻለች ጥግ ይዛ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

"በወሬ አልፈርድም" አሉ ቄሱ። "በዓይኔ ነው የማይ። ልጄ፣ ያንን የምታደርጊውን እዚሁ አድርጊው።"

ትሕትና ከሣጥኗ ቃጭሏን አወጣች። ስሜነሽ ልታስርላት ቁጢጥ አለች፤ ስታስር በጆሮዋ ሹክ ስትላት አስቻለች ሰማች። የአስቻለች ጆሮ ምን ያመልጠዋል?

"ያንን መሬት መንካቱን ተዪው። ዝም ብለሽ ጨፍሪና ይሂዱ።"

ተዪው ልጄ፣ አለች አስቻለችም በሆዷ። ተዪውና ይለፍልን።

ልጅቷ ተነሥታ ቆመች። አንገቷን ወደዚህ፣ ወገቧን ወደዚያ፣ ጉልበቷን መልሳ ወደዚህ፤ ሦስት ቦታ ተጣጥፋ አንድ ሰው መሆኗ ይገርም ነበር። ቀኝ እግሯን አነሣች። አሁን መታች ሲባል እግሯ አየር ላይ ቀረ።

"ምነው?" አሉ ቄሱ።

"አልችልም አባ።"

"ኧረ ትችላለች!" አለች ስሜነሽ። "ጾሙ ነው፤ አቅም አንሷት ነው!"

"ዝም በይ አንቺ።"

ትሕትና እግሯን ቀስ አድርጋ አወረደች። እናቷን አየች፣ በሩ ጋ የቆመውን አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ መሬቱን ነካች፤ እጆቿን ዓይኗ ላይ አደረገች። ስሜነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በእውቀቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

"ለማን ነው የሰገድሽው?" ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ከጩኸታቸው ይሄ ነው የሚያስፈራው።

"ለመሬቷ ነው አባ። ስግደት አይደለም፤ ልመታት ስለሆነ ይቅር በይኝ ማለት ነው። ይቅርታ ሳይጠይቁ መርገጥ ነውር ነው ብላ ነው ያስተማረችኝ።"

"መምህርትሽስ? እሷም ለመሬት ብቻ ነው እጅ የምትነሣው?"

አሁን "አዎ" ብትል ባለቀ! አስቻለች ብትሆን አሥር ጊዜ "አዎ" ብላ ነበር።

"አይደለም" አለች ትሕትና። "እሷ መጀመሪያ ለራሷ አምላክ ነው። ያንን ለሷ ተውኩላት፤ አላስተማረችኝም፣ እኔም አልለመንኳት። እኔ የወሰድኩት የእግሩን ምትና ይሄን ይቅርታ ነው።"

ቄሱ መቋሚያቸውን ካንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ጣዖቱስ?"

"የምን ጣዖት?"

"ናስ ነው፣ የዝሆን ራስ አለው ተብሏል። ያየ ሰው አለ ተብሏል።"

"ሣጥኔን ይፈትሹ አባ! አሁኑኑ!"

"ብፈትሽ ምን አገኛለሁ? ባዶ ባገኝ 'ሌላ ጋ ደብቃለች' ይላሉ። ይሄን ወሬ የሚገድለው ያየ ሰው ብቻ ነው። ያየ ሰው ካልተገኘ፣ እኔ ይሄንን ልጅ አላጋባም። ስሙ ከዚህ ወሬ ሳይጠራ መቅደስ አላስገባውም።"

በእውቀቱ "አባ፣ እኔ" ብሎ ጀመረ፤ ቄሱ አዩት፣ ዋጠው።

ከዚያ ቄሱ ተነሡ። መስቀላቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። "እንግዲህ ልገዝት ነው። በዓይኑ አይቶ የሚደብቅ፣ በዚህ ቤት ያለም፣ በመንደሩ ያለም..."

ግዝት! አስቻለች ወሬ ትወዳለች፣ እንደ ነፍሷ ትወዳለች፤ ግን ከነፍሷ አይበልጥም። ደግሞ ያቺን ልጅ በአርባ ሳይሆን በሰማንያ ቀኗ አቅፋ ክርስትና ያነሣቻት በዚሁ እጇ ነው።

"ይቆዩ አባ! ይቆዩ፣ በላሊበላ! እኔ ነኝ!"

ቄሱ መስቀላቸውን እንደ ያዙ ወደ ጥጉ ዞሩ።

"አንቺ ምን?"

"ያየሁት እኔ ነኝ። በመስኮት።"

"ጣዖቱን?"

"ኩራዝ ነው አባ! መብራት ጠፍቶ ነው! ኩራዝ ማብራት ጣዖት ማምለክ ከሆነማ ላሊበላ በሙሉ አረመኔ ነው፣ እርስዎም ጭምር!"

"አፍሽን ሰብስቢ። ናሱስ?"

"እኔ ወፍጮ ቤት ኩራዙን ብቻ ነው የሰጠኋቸው። ናሱን ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ዝሆኑንም እነሱ ናቸው የጨመሩት።"

በእውቀቱ አፉን በእጁ ያዘ፤ ይሳቅ ያልቅስ አይታወቅም። ስሜነሽ ግን ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች።

"አንቺ? ትናንት አሜን ያልሽኝ አንቺ?"

አስቻለች ነጠላዋን ከአፍንጫዋ እስከ ዓይኗ ሳበችው።

ቄስ ምስጋኑ መስቀሉን ወደ አስቻለች አዞሩ። "ነገ ጧት" አሉ፣ "ወፍጮ ቤት ሰልፉ ሲሞላ ትሄጂና፣ ያየሁት ኩራዝ ነው፣ የቀረው ውሸት ነው ትያለሽ። አንድ ሰው ስቆ እስኪመለስ ሳይሆን ሁሉም እስኪሰማ። ይሄን ካላደረግሽ ግዝቱ እንዳለ ነው።" ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። "እኛም ደጁን ሳንሳለም አንገባም። መሬቷን ይቅርታ ጠይቀሽ ሳትረግጫት ልትቀመጪ ነው እንዴ? ጨርሺው እንጂ።" ተቀመጡ። "ስሜነሽ፣ ያ ሽሮ ቀዘቀዘ?"

የቃጭሉ ድምፅ ሲጀምር ስሜነሽ ለአስቻለች በአገጯ በሩን አሳየቻት። "ሠርጉ ላይ ድስት እንዳትነኪ። ከድንኳን ውጭ ቁሚ።"

አስቻለች ወጣች። ግቢው ውስጥ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወዲያው በእውቀቱ ተከትሎ ወጣ፤ ላብ አጥምቆታል።

"እማማ አስቻለች፣ ዛሬ ባይናገሩ ኖሮ አጎቴ ለማክሰኞ ሌላ ልጅ ሊያዩልኝ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ብልባላ መንደር።"

"ውይ ልጄ፣ ይቅር በለኝ" አለች አስቻለች፤ ከልቧ ነው፣ እንባዋም አልደረቀም። ከዚያ ግን ዞር ዞር ብላ አየች፣ አንድ እርምጃ ጠጋ አለች።

"ብልባላ... የማንን ልጅ?"