የወርቄ ምች

"ምች ነው" አለች ታቢታ። "ዳማ ከሴውን ጨምቃችሁ አፍንጫዋ ውስጥ ጠብ አድርጉላት፣ ጀርባዋንም እሹላት። ላብ ሲያልባት ይለቃታል።"

ይህን ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ለራሷም ገረማት። በቀበሌው ሊቀመንበር በጓድ ሸዋንግዛው ሳሎን የተሰበሰቡት የታቦር ሰፈር ሴቶች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የታመመ ሰው ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነውና ታቢታም እንደ ማንኛዋም ጎረቤት ብርቱካን በመሐረብ ቋጥራ ነበር የመጣችው። የሊቀመንበሩ ልጅ፣ የስምንት ዓመቷ ወርቄ፣ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች። አጠገቧ ለትውከት የተቀመጠ ሳፋ አለ።

"እኔን ግራ የገባኝ ጠዋት ጠዋት ብቻ መሆኑ ነው" አለች እናቷ ሮማን። "ራሴን ትላለች፣ ታስመልሳለች፣ ከዚያ ደህና ሆና ተነሥታ ትጫወታለች። ጤና ጣቢያ የወስፋት መድኃኒት ሰጧት። አንቺ በልጅ ሕመም የተፈተንሽ ነሽ ብዬ ነው የጠየቅኩሽ፣ ታቢታ።"

"እሷ ካለች ምች ነው" አሉ እትዬ ብርሃነሽ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት። "ምግብ በልታ ፀሐይ ላይ ወጥታ ይሆናል። አሁኑኑ ዳማ ከሴ ከጓሮዬ ላስመጣላችሁ።"

በዚህ መሐል ወርቄ ለሽንት ተነሣች። ራሷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ ግድግዳውን በመዳፏ እየተደገፈች፣ እንደ ሰከረ ሰው እግሯን አራርቃ ወጣች። ሴቶቹ አቅም አንሷት ነው ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ታቢታ ግን ከንፈሯን አልመጠጠችም። ያንን አረማመድ ታውቀዋለች።

ከሦስት ዓመት በፊት የገዛ ልጇ፣ ደረሰ፣ ልክ እንዲህ ነበር የሚራመደው። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። እሷም ምች መስሏት ዳማ ከሴ ስትጨምቅ ሰነበተች። በኋላ ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ሐኪም አየውና "ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ሳይኖር አይቀርም፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ አዲስ አበባ ውሰጂው" አላት። ከአዋሳ ለመውጣት ደግሞ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ያለ ወረቀት የሄደ ከኬላ ይመለሳል። ማህተሙ በሸዋንግዛው እጅ ነው።

የታቢታ ጥፋት ጴንጤነቷ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ሳለ ከምእመናን ጋር በሰው ቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትዘምራለች፣ የእሁዱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ግን አትታይም። ወረቀቱን ልትጠይቅ ቀበሌ ስትሄድ፣ ሸዋንግዛው ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ "ጌታሽ ፈዋሽ አይደለም እንዴ? ጸልዪለት! ወረቀት ምን ያደርግልሻል?" አላት። ወረፋው ሳቀ። በማግሥቱ ስትመለስ ስብሰባ ላይ ነው ተባለች፣ ሌላ ቀን ሰኞ ነይ፣ ሰኞ ስትሄድ ደግሞ ማህተሙ የለም። ከወር በላይ አመላለሳት። አንድ ቀን እሱ ክፍለ ሀገር ተጠርቶ ሲሄድ ምክትሉ አዝኖላት ፈረመላት።

አዲስ አበባ የተቀበላት ቀዶ ሐኪም የደረሰን ማጅራት ከፍቶ ዕጢውን አወጣ። ከቀናት በኋላ ጠርቶ "ዕጢው ሙልጭ ብሎ ወጥቷል። ልጅሽ ይኖራል" አላት። እልል ልትል ስትል እጁን አነሣ። "ዓይኑ ላይ ግን ዘግይታችኋል። ጭንቅላቱ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ የዓይኑን ጅማት ጨምቆ ገድሎታል። ወር ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ..." የቀረውን አልጨረሰውም። ታቢታ ግን በየቀኑ ስትጨርሰው ኖረች።

ከሊቀመንበሩ ቤት ስትወጣ ደረቷ ውስጥ የሚሞቅ ነገር ነበር። ደስታ ነው። ሌላ ስም ልትሰጠው አልፈለገችም። ወርቄ እንድትሞት አትመኝም፣ እንዲያ ያለች ሴት አይደለችም። ወር ብቻ ዝም ትላለች። ከዚያ ሄዳ ትነግራቸዋለች፣ ይወስዷታል፣ ዕጢው ይወጣል፣ ልጅቷም ትኖራለች። በጨለማ ትኖራለች። ሐይቅ ዳር፣ የምትሸጠውን ዓሣ ስትገፍፍ ማንጎራጎር ጀመረች። "በቀል የእኔ ነው" የሚለው የጌታ ቃል ትዝ እንዳይላት ብላ ጸሎቷን አሳጠረች።

ሳምንት እንዳለፈ ሸዋንግዛው ራሱ ሐይቅ ዳር መጣ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት እየጠበቁ ከቆሙበት ገለል አሉለት።

"እንደምን ዋልሽ ታቢታ? ለልጄ ጥሩ ጥሩ የቆሮሶ ዓሣ ምረጪልኝ። ያ ምክርሽ ሠርቷል፣ እግዜር ይስጥሽ" አለና ዞር ዞር ብሎ አየ። አብዮቱ እግዜርን ቢሽረውም ልጅ ሲታመም ስሙ ከአፍ ማምለጡ አይቀርም። "ትናንትና ከትናንት ወዲያ አላስመለሳትም። ዛሬ ብቻ ነገሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል ትላለች። ምቹ ሲለቅ ነው፣ አይደል?"

የታቢታ ቢላዋ ቆመ። ደረሰም እንዲህ ብሎ ነበር። ከሁለት ሁለቱ በኋላ ጭጋግ መጣ፣ ከጭጋጉ በኋላ ምንም።

"ያንቺስ ልጅ ደህና ነው?" አለ ሸዋንግዛው፣ ዓሣውን እየገላበጠ። "ዓይኑን ምን ነበር ያገኘው? ከውልደቱ ነው?"

እየቀለደባት እንደሆነ ፊቱን መረመረች። ቀልድ የለበትም። ሰውየው ከልቡ ረስቷል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታለች፣ እንዲህ ጨርሶ መርሳት ይቻላል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ነገ የወርቄ ዓይን ቢጠፋ ይህ ሰው ያለቅሳል፣ ምችን ያማርራል፣ ጤና ጣቢያውን ያማርራል፣ ራሱን ግን አንድም ቀን አይጠረጥርም። እሱ የማያውቀው በቀል ለእሷ ምኗ ነው? ምንም ያላጠፋች ልጅም ብቻዋን ትከፍላለች። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ መቅደም እንደነበረበት ታቢታ ታውቃለች። የቀደመው ግን የመጀመሪያው ነው።

"ዋሽቻችኋለሁ" አለች። "ምች አይደለም።"

"ምን አልሽ?"

"ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ነው ያለው። ደረሰም እንዲሁ ነበር። ነገ ተነሥታ አዲስ አበባ ካልሄደች ዓይኗ ይጠፋል። ልጄ ሲወለድ ዓይናማ ነበር። የይለፍ ወረቀት ከልክለህኝ ነው የታወረው። ጸልዪለት ብለኸኝ።"

አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ጀልባ የሚያስሩት ዓሣ አጥማጆች ዞር አሉ። ሸዋንግዛው ሲያስታውስ ዓይኗ እያየ ነው፣ መጀመሪያ ግንባሩ ተኮማተረ፣ ከዚያ አፉ ተከፈተ። ይህችን ደቂቃ ሦስት ዓመት ጠብቃታለች፣ ጣፈጠቻትም።

"ምች ያልሽው... አውቀሽ ነው?"

"አውቄ ነው።"

"ሕፃን እኮ ናት!"

"የእኔስ?"

ሰውየው የዓሣ ውሃ የፈሰሰበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ትድናለች?" አለ።

ልታባብለው ትችል ነበር። አላባበለችውም። "ከደረሰ ጋር ዕጢ የወጣላቸው ልጆች ነበሩ። አንዷ ደህና ሆና በእግሯ ወጣች። አንዱ መራመድ አቃተው። ሁለቱን አልቅሰን ሸኘናቸው። ደረሰን ደግሞ ታየዋለህ። ቶሎ የመጣ ይሻለዋል፣ እኔ የማውቀው ይህንን ነው።"

"አብረን እንሂድ። ሐኪሙን ታውቂዋለሽ፣ ሮማን አዲስ አበባን አታውቅም። የይለፍ ወረቀቱን አሁኑኑ እጽፋለሁ። የፈለግሽውን..."

"እኔና ሮማን እንሄዳለን። አንተ ትቀራለህ።"

"አባቷ ነኝ እኮ! ኦፕራሲዮን ስትገባ ልጄን ላላያት ነው?"

"እኔ ብሄድ ደረሰን ማን ይመራዋል? አባቱ የለ።"

"ሠራተኛችን ትመጣለች። ካስፈለገም ሰው እመድባለሁ።"

"ሰው አትመድብም። አንተ ነህ የምትመራው። እዚህ መረብ ሲጠግን ነው የሚውለው። ጠዋት እጁን ይዘህ ታመጣዋለህ፣ ማታ ትመልሰዋለህ። በጋሪ አይደለም፣ በእግር፣ በቀበሌው በር በኩል። ሰው ሲጠይቅህ ለምን እንደሆነ ትነግረዋለህ።"

ሸዋንግዛው ሐይቁን አየ፣ ዓሣ አጥማጆቹን አየ። "እሺ" አለ።

በማግሥቱ ገና ሲነጋ ጋሪ በታቢታ ደጅ ቆመ። ሮማን ወርቄን ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች። ሁሉንም ሰምታለች፣ ከትናንት ጀምሮ ባሏን አላናገረችውም። ታቢታንም ቢሆን ቀና ብላ አላየቻትም። ታቢታ ይህም ይገባኛል ብላ ተቀበለችው።

ደረሰ ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ። ታቢታ እጁን ይዛ ሸዋንግዛው ክንድ ላይ አስቀመጠችለት። ልጁ የካኪውን እጅጌ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው።

"ማነው?" አለ።

ሸዋንግዛው በዓይኑ ታቢታን ለመናት። ጎረቤት ነው በይው እንደማለት ነበር። የጋሪው ነጂ ፈረሱን አነቃነቀ።

"ታቢታ!" አለች ሮማን ከጋሪው ላይ፣ እንባ በያዘው ድምፅ። "መናኸሪያ ሳንደርስ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው!"

ታቢታ ሰምታለች። አውቶቡሱ ማንንም እንደማይጠብቅም ታውቃለች።

"ንገረው" አለችው ሸዋንግዛውን። "ስምህንም፣ ያደረግከውንም።"

ሻንጣዋንም መሬት ላይ አስቀመጠች።